በአያ ኪሮስ አንገት ላይ የነበረችው ሪሞት

ካለፈው መስከረም ጀምሮ ማታ ማታ ከእጄ የማጥበው ጠመኔ ነው፤ ቅባት አይደለም። ወልድያ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። መጀመሪያ ክፍል የገባሁ ቀን ድምፄ አይወጣም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወጣ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ "መምህርት፣ ከዚህ በፊት የት ሠርተዋል?" አለችኝ። "ሰቆጣ፣ ጋራዥ ውስጥ" አልኳት። ሳቀች። እንዲህ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት መዶሻ በሚጮህበት ቤት ማን ሰማት ብላ ይሆናል። ያን ቀን ያልመለስኩላትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የሥራ ዘመኔ አጭር ነው። ባሕር ዳር ተምሬ እንደወጣሁ የተመደብኩት አምደወርቅ ነበር። ሥራዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ጀኔሬተርና በየክፍሉ የተንጠለጠሉ ጥቂት አምፖሎች መጠበቅ ነበር። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዓይኔን ግን አያዩም። ትእዛዝ የሚሰጡኝ በተላላኪው በኩል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጀኔሬተሩ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ለተላላኪው "ይህን የሚያስነሳው ባለሙያ መቼ ነው የሚደርሰው?" አሉት። ባለሙያው እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ዝም ብዬ ናፍጣውን አየሁ፣ አየሩን ከመስመሩ አስወጣሁ፣ አስነሳሁት። ከዚያ በኋላም በተላላኪው በኩል "አመሰግናለሁ በላት" አሉኝ።

ወደ ሰቆጣ የተዛወርኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ደመወዙ ያው ነው፤ የተሽከርካሪ ክፍል ባለሙያ የሚል ስም ብቻ ተጨመረልኝ። እርዳታ የሚያስተባብር መሥሪያ ቤት ነበር። ግቢው ተዳፋት ላይ ነው፤ ከላይ ጋራዡ፣ መሐል ላይ ቢሮዎቹ፣ ከታች ዋናው በርና የዘበኛ ጎጆ። ከጎጆው አጥር ጀርባ ወፍጮ ቤት ነበረ፤ መብራት ካለ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ዘበኛውን ለማናገር የፈለገ ሰው አጠገባቸው ድረስ መሄድ ነበረበት።

ጋሽ ፍስሐን ያገኘሁት እዚያ ነው። የጋራዡ ኃላፊ ነበሩ፤ ደሴ ነው የተወለዱት። ሥራ የተማርኩት ከእሳቸው ነው ብል ዩኒቨርሲቲው አይቀየመኝም።

የሚያስተምሩበት መንገድ እንዲህ ነበር። አንድ ሥራ ሰጥተውኝ ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ከወገባቸው ጀርባ ያጣምራሉ። መጀመሪያ ወገባቸውን የሚያማቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ብሎን አጠማምሜ ሳስገባ ጣቶቻቸው ከኋላ ሲላወሱ አየሁ፤ ያኔ ገባኝ። መፍቻውን ከእጄ እንዳይቀሙኝ የገዛ እጃቸውን አስረው ነበር የሚያዩኝ።

ሌላው ልማዳቸው ስለ ብልሽት አጠያየቃቸው ነው። ሹፌር መኪናው ተበላሸ ብሎ ሲመጣ ኮፈኑን አያስከፍቱም። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ይሉና "የት ቆመህ ነበር?" ይሉታል። ማን ነካው፣ ምን አደረግኸው ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ፒክአፕ በገበያ ቀን ብቻ አልነሳ ይል ነበር። ሹፌሮቹ ቡዳ ነው እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ጋሽ ፍስሐ በገበያ ቀን ወጥተው መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆሙ። ቦታው ዳገት ነው፤ አፍንጫው ወደ ላይ ነው የሚቆመው። ነዳጁ ሲያንስ ወደ ኋላ ይሸሽና መምጠጫው አየር ይስባል። "በሽታውን ሰዉ ካለበት ቦታ ላይ ሆነሽ ካላየሽው አታይውም" አሉኝ ስንመለስ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ደግመው አላነሡም፤ የተናገሩትን የሚደግሙ ሰው አልነበሩም።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ።

የጋራዡ በር ድሮ ከባድ የብረት በር ነበር፤ ለመክፈት ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ከተረፉት ዕቃዎች ጋር ወደ ላይ ተጠቅልሎ የሚወጣ አዲስ በር ከነሞተሩ ተላከልን። ተካዩ እኔ ነበርኩ። ሞተሩን ከዘንጉ ጋር ማገናኘት፣ በሩ ሲወርድ መሬት ላይ በልክ እንዲያርፍ ማስተካከል፣ መብራት ሲጠፋ በሩን ከሞተሩ የምታላቅቀውን ገመድ ሰው በሚደርስበት ቁመት ማንጠልጠል፣ ይህን ሁሉ ጋሽ ፍስሐ እጃቸውን አጣምረው እያዩኝ ሠራሁት። ከሞተሩ ራስ ላይ ሲግናል የሚቀበል ትንሽ ሳጥን አለ። ከሳጥኑ ጋር ሁለት ሪሞቶች መጡ፤ በቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ የሚሰኩ፣ ከክብሪት ቀፎ የሚያንሱ፣ አንድ አንድ መጫኛ ብቻ ያላቸው። አንዴ ሲጫኑት በሩ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ሳለ ሲጫኑት ይቆማል፣ እንደገና ሲጫኑት ይወርዳል።

የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ደሳለኝ አንዱን ሪሞት መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ሌላውን ለቀን ዘበኛው ለአያ ኪሮስ ሰጡ። ለሹፌሮች አልሰጡም፤ ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት አበርገሌ ይወርዳሉ ብለው ነው።

አያ ኪሮስ ቀጭንና ረጅም፣ ጺማቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን ቃል በቃል እያስቀመጡ ነው የሚናገሩት። አጠቃቀሙን ላሳያቸው ስሄድ ሪሞቷን በመዳፋቸው ይዘው ገለባበጧት።

"ከውስጧ ምን ይወጣል፣ ልጄ?"

"የማይሰማ ጥሪ ነው፣ አያ ኪሮስ። በሩ ብቻ ይሰማዋል።"

"እንደ ቢሮው ሬዲዮ?"

"እንደ እሱ፤ ግን ትንሽ። ከግቢው አይወጣም።"

ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ላይ አነጣጠሩና ተጫኑ። በሩ ወጣ። ሹፌሩ ሞላ አጠገባችን ከቆመ መኪና ሥር አንገቱን ብቅ አደረገ። "በሉ እንግዲህ፣ አያ ኪሮስ፤ ከዛሬ ጀምሮ ተቀምጦ ደሞዝ መብላት ነው" አላቸው።

"ከፋቹ እኔው ነኝ" አሉት። "ሞተሩ አጋዤ ነው።"

ለብዙ ወራት በሩ ያለ ችግር ሠራ። ባትሪዋ ስታልቅ ሳንቲም የምታክለውን አዲስ ባትሪ ገበያ ውስጥ ካለው ሱቅ ገዝቼ እለውጥላቸዋለሁ። ሪሞቷን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነበር የሚያኖሯት። ችግሩ የመጣው ከኪሳቸው ስትወጣ ነው።

ሁዳዴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አቶ ደሳለኝ በችኮላ ሊወጡ ፈልገው መኪናው ጋራዥ ውስጥ ተቆልፎ ቆየ። አያ ኪሮስ ኮታቸውን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ልጃቸው ደግሞ ሊታጠብ ነው ብላ ወስዳው፣ ሪሞቷ ከኮቱ ጋር ሄዳ ነበር። መብራት ቢኖርም ገመዷን ሳብ አድርጎ በእጅ መክፈት ይቻላል፤ ገመዷ ግን ያለችው ከውስጥ ነው። የአቶ ደሳለኝ ሪሞት አለ፤ የመሳቢያው ቁልፍ ግን ቤታቸው ቀርቷል። ልጅቷ ኮቱን ይዛ እየሮጠች ስትመለስ አቶ ደሳለኝ በሰው ሁሉ ፊት "ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር ከአንገትህ እንዳይወርድ!" አሏቸው።

"እሺ፣ ጌታዬ" አሉ አያ ኪሮስ። ወዲያው እዚያው ቆመው ሪሞቷን ከማተባቸው ጋር በአንድ ክር አሰሯት። ማተባቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ሪሞቷም እንደዚያው ሆነች።

የሕማማት ሰኞ ጠዋት አያ ኪሮስ ራሳቸው ወደ ጋራዡ መጡ። በዚያ ሳምንት ሰው ተጨባብጦ ሰላም አይባባልም፤ ራቅ ብለው ቆሙ። "ልጄ፣ በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። እኔ አልከፈትኩትም" አሉኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም ከወገብ በላይ ወጥቶ ቆሟል። ሽቦዎቹን ፈተሽኩ፤ ጤነኛ ናቸው። ዘጋሁት። ቀትር ላይ ደግሞ ክፍት ሆኖ ተገኘ።

ጋሽ ፍስሐ አልነበሩም። ከአንድ ሹፌር ጋር አበርገሌ ወርደው መኪና ተበላሽቶባቸው ነበር። ብቻዬን አሰብኩ። ቢሮው ውስጥ ትልቁ የመገናኛ ሬዲዮ አለ፤ ሲናገሩበት ጉልበቱ ብዙ ነው፣ አንቴናውም ከጋራዡ ጣሪያ ብዙ አይርቅም። ተቀባዩን ሳጥን እሱ ይረብሸዋል ብዬ ጠረጠርኩ። መጥፎ ግምት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። አቶ ደሳለኝን አስፈቅጄ ሬዲዮው እስከ ረቡዕ እንዲጠፋ አደረግሁ። በዚያ ላይ በሪሞቶቹና በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ማብሪያዎች ቦታ ቀያየርኩና አዲስ ኮድ አበጀሁ፤ የአያ ኪሮስን ከአንገታቸው ሳትወርድ ነው የከፈትኳት። የሌላ ሰው ሪሞት በድንገት ከእኛ ጋር ገጥሞ ከሆነ ከዚያ በኋላ ሊከፍት አይችልም።

ማክሰኞ በሩ ተከፈተ። ረቡዕም ተከፈተ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ሞላ መኪናውን ከጋራዥ እያወጣ ሳለ በሩ ከላይ ወረደበት። የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ ጨፍልቆ የፊት መስተዋቱን ሰነጠቀው። ሞላ ምንም አልሆነም፤ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። "ሊገድለኝ ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ!" አለ። ባለፈው ሳምንት በማርፈዱ አያ ኪሮስ ተቆጥተውት ነበር፤ ለዚያ ቂም ይዘውብኛል ማለቱ ነው።

አቶ ደሳለኝ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ባለሙያ ነሽ። ሬዲዮው ነው?" አሉኝ።

"ሬዲዮው ጠፍቷል" አልኩ።

"የሌላ ሰው ሪሞት ሊሆን ይችላል?"

"ኮዱን ለውጫለሁ። አይችልም።"

"ሞተሩ ራሱ?"

"ሞተሩ ጤነኛ ነው። ትእዛዝ ሳይደርሰው አይንቀሳቀስም።"

"እንግዲህ የእኔው ሪሞት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ይኸው ቁልፉ። ሁለተኛው የት ነው ያለው?"

ሁሉም አያ ኪሮስን አየ። እኔ የመለስኩት እያንዳንዱ ቃል ልክ ነበር፤ ተደምሮ ግን አንድ ሽማግሌ ላይ አረፈ።

አያ ኪሮስ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። "እጄ አልነካውም" አሉ። "መስቀል ይምጣና ልማል።"

"በሕማማት መስቀል የሚያሳልምህ ቄስ የት አለ?" አሉ አቶ ደሳለኝ። እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ሰው ነበሩ። በዚያ ሳምንት መስቀል እንደማይሳለም ሁላችንም እናውቃለን። "እስከ ፋሲካ አንተ ትቆያለህ፤ ከፋሲካ ማግስት ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። መማል ከፈለግህ ያን ጊዜ ማል።"

"ከተባረርኩ በኋላ የምምለው ለማን ነው?" አሉ አያ ኪሮስ። ቁልቁል ወደ ጎጆአቸው ወረዱ።

አቶ ደሳለኝ በሩ የተከፈተው በሪሞት ነው ብዬ በአንድ ገጽ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። ያም ልክ ነው። ወረቀቱን ፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩና መጻፍ አቃተኝ። ሬዲዮ ክፍል ገብቼ ማብሪያውን አበራሁ። ገና ከመሞቁ ድምፅ መጣ።

"ሰቆጣ፣ ሰቆጣ፣ ይሰማል? ኦቨር።"

ጋሽ ፍስሐ ነበሩ። ከሰኞ ጀምሮ ሲጣሩ ነበር፤ አንድ ዕቃ እንድንልክላቸው። በዚያ ሙቀት፣ ተከዜ አጠገብ፣ መኪና ሥር እያደሩ የሚጠብቁት እኛን ነበር፤ ሬዲዮውን ያጠፋሁት እኔ። ከዚያ ጉዞ ወባ ይዘው ተመለሱ። በሥራ ዘመኔ ካጋጠመኝ ስህተት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ በሩን ሊጠግን የማይችል ሙከራ ነበር፣ ዋጋውን የከፈሉት ግን እሳቸው ናቸው።

"ሬዲዮው ታሞ ነበር እንዴ? ኦቨር።"

"እኔ ነኝ ያስጠፋሁት፣ ጋሽ ፍስሐ። በሩ በራሱ ይከፈታል። አያ ኪሮስን ሊያባርሯቸው ነው። ኦቨር።" ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ፍስሐ እንደ ልማዳቸው ማን ነካው አላሉም።

"በሩ ሲከፈት ሰውዬው የት ነው የሚቆሙት? ኦቨር።"

"አላውቅም። ኦቨር።"

"እንግዲያው እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ሄደሽ ቁሚበት። ዕቃውን ግን በነገው መኪና ላኪልኝ፤ ጨርሶ ቀልጠን አለቅን። ኦቨር።"

ሐሙስ ጠዋት ዕቃውን ላክሁ። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። አያ ኪሮስን ስለ ሪሞቷ መጠየቅ አላስቻለኝም፤ ስለዚህ በጎጆውና በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ መካከል ባለችው ጥግ ቆምኩ። ከዚያ ሆኖ ጎጆውም ይታያል፣ ዳገቱ ላይ ጋራዡም ይታያል። ወፍጮው ይጮኻል። ሞላ ሲያልፍ አየኝ። "አንቺ ደግሞ ዘበኛውን ልትጠብቂ ተቀጠርሽ?" አለና ሄደ።

ቀትር ሲሆን የጸሎቱ ሰዓት ደረሰ። ቀን ላይ የሚተካቸው ሌላኛው ዘበኛ፣ ልጅ እግሩ፣ በሳምንቱ ውስጥ ቀን ቀን ቤተ ክርስቲያን እንዲውል ፈቅደውለት አያ ኪሮስ የእሱንም ሰዓት ይዘው ነበር። እሳቸው ደግሞ የሕማማቱን ስግደት እዚያው ጎጆአቸው ጀርባ ነው የሚሰግዱት፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባቸውን ወደ ጋራዡ አዙረው። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። አማተቡ። ወደቁ፣ ግንባራቸው መሬት ነካ፣ ተነሡ። ደግመው ወደቁ።

ዳገቱ ላይ የጋራዡ በር ወጣ።

መጀመሪያ አንዱን ከሌላው አላገናኘሁትም። አያ ኪሮስ ተነሡ፣ አማተቡ፣ ወደቁ። በሩ መሐል ላይ ቆመ። ተነሡ፣ ወደቁ። በሩ ወረደ። አንዳንዱን ስግደት ይዘለዋል፤ አብዛኛውን ግን ይከተላቸዋል። ሽማግሌው ሲሰግዱ ደረታቸው ጉልበታቸው ላይ ያርፋል፤ በመካከላቸው፣ ከማተቡ ጋር፣ ሪሞቷ አለች። ወፍጮው ይጮኻል፤ እሳቸው አይሰሙም። ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ አያዩም። ያ ከባድ የብረት መጋረጃ ከኋላቸው አብሯቸው ይነሣል፣ አብሯቸው ይወርዳል።

ልጠራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በሕማማት ስግደት ላይ ያለን ሰው ማን ያቋርጣል? ደግሞ እኔ ብነግር ወሬ ነው የሚሆነው። መታየት ነበረበት። ሮጬ ወደ ቢሮ ወጣሁ። የአቶ ደሳለኝን በር ሳላንኳኳ የገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ይምጡ" አልኳቸው።

"ጽሑፉን ጨረስሽ?"

"አልጽፈውም። ይምጡና ይዩ።"

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ተከተሉኝ። ሞላም ምን ተፈጠረ ብሎ ተከተለን። ከግድግዳው ጥግ ቆመን ሦስታችንም አየን። አያ ኪሮስ ወደቁ፤ በሩ ወጣ። ሞላ ሳቁ አመለጠው። አቶ ደሳለኝ እጃቸውን አፉ ላይ ጫኑበት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስም ከዚያ አልተነቃነቁም። እኔ አንዴ በሩን አንዴ አያ ኪሮስን እያየሁ እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ ነበር። ይህን ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

አያ ኪሮስ ጨርሰው ሲዞሩ ግንባራቸው ላይ አፈር ነበረ። ሦስታችንን አዩ። ቀና ብለው ዳገቱ ላይ ያለውን በር አዩ፤ ክፍት ነው።

"ተከፈተ ደግሞ?" አሉ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ድምፅ ነበር።

ቀረብ ብዬ፣ ሳልነካቸው፣ ወደ ደረታቸው ጠቆምኩ። "አያ ኪሮስ፣ ሲሰግዱ እሷ ትጨመቃለች። እርስዎ አልከፈቱትም። ስግደቱ ነው የከፈተው።"

ሪሞቷን በሁለት ጣታቸው ያዟት። "እጄ አልነካውም ብዬ ነበር" አሉ።

"ለስግደት እንኳ ለምን አታወርደውም ነበር?" አሉ አቶ ደሳለኝ።

"አይውረድ ያሉት እርስዎ ነዎት።"

ሞላ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። አቶ ደሳለኝ ባርኔጣቸውን እያገላበጡ ቆዩ። ከዚያ "ነገሩ ተጣራ፤ አበቃ። አውርደውና ሥራህን ቀጥል" አሉ።

አያ ኪሮስ አላወረዱትም። "ስከሰስ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር" አሉ። "አሁን ሦስት ሰው ነው ያለው። ማሽኑ መሰከረልኝ። እርስዎ ግን ማሽኑን እንጂ እኔን አላመኑኝም።"

አቶ ደሳለኝ ዞረው ዳገቱን ወጡ፤ ተቆጥተው ሄዱ አልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የቢሮውን ሠራተኛ ሁሉ፣ ጸሐፊዋንም፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛውንም ይዘው ወረዱ። ወደ ወፍጮ ቤቱ ሰው ልከው ወፍጮውን አስጠፉት። ዝም ሲል ጆሮዬ ጭው አለ።

"ትናንት የተናገርኩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል" አሉ አቶ ደሳለኝ። "አያ ኪሮስ እጄ አልነካውም ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው። ሳይምሉ ልናምናቸው ይገባ ነበር።" ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሩና "አሁን ከአንገትዎ ያውርዱልኝ" አሏቸው።

አያ ኪሮስ ክሩን ፈቱት። ማተቡ እንዳይወርድ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ሪሞቷን አውጥተው በእኔ መዳፍ ላይ አስቀመጧት። ሞቃት ነበረች፤ በመጫኛዋ ዙሪያ አፈር ገብቷል። ወስጄ በደረቅ ብሩሽ ጠረግኋት፤ ዙሪያዋንም ከጎማ በተቆረጠ ቀለበት ከበብኩት፤ ጣት ካልገባ በስተቀር ሌላ ነገር እንዳይጫናት።

ብዙ ጊዜ የማስበው ግን ሐሙስ ባልቆም ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ነው። ከፋሲካ በኋላ እስከ በዓለ ሃምሳ ስግደት የለም። አያ ኪሮስ በፋሲካ ማግስት ይባረሩ ነበር። በሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጥ ይል ነበር። ይኸው፣ ሰውዬው ሲሄድ በሩ ዳነ ይባል ነበር። እኔም አምን ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ጋሽ ፍስሐ ቅዳሜ ተመለሱ። ወባው እያንቀጠቀጣቸው፣ ኮት ደርበው፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ነው ያገኘኋቸው። ስለ ሬዲዮው ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

"የት ቆምሽ?" አሉኝ።

"ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጥግ።"

"ከዚያ ዋናው በርስ ይታያል?"

"ይታያል።"

"ጥሩ ቦታ ነው" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አብረን ሠርተናል፤ ስለዚያ ሳምንት ከዚህ የበለጠ አላሉኝም።

ያስቀረሁት ዓርብን ነው። ስቅለት ዕለት ቢሮ ዝግ ነው፤ ዘበኛ ግን መኖር አለበት። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ምእመናኑ መካከል አያ ኪሮስን አየኋቸው፤ በዓመታት ውስጥ ስቅለትን ቤተ ክርስቲያን ሲውሉ የመጀመሪያቸው ነው ብላ ልጃቸው ነገረችኝ። ግቢውን ማን ያዘው ብዬ ስመለስ በዚያ በኩል አለፍኩ።

ዋናው በር ገርበብ ብሏል። አቶ ደሳለኝ ብቻቸውን ነበሩ፤ በባዶ እግራቸው፣ ነጠላ ለብሰው፣ አያ ኪሮስ በሚሰግዱበት ቦታ ላይ። ወፍጮው በዓል ስለሆነ አይሠራም። ሪሞቷ ከእሳቸው ራቅ ብላ በጎጆው መስኮት ላይ፣ መጫኛዋ ወደ ላይ ሆና ተቀምጣለች። አላዩኝም። ወደቁ፣ ግንባራቸው መሬት ነካ፣ ተነሡ። ቀና ብዬ ዳገቱን አየሁ። በሩ አልተነቃነቀም።